የመጀመሪያው ሒሳብ

አዳማ ላይ ዋናውን አስፋልት ይዞ የሚሄድ ሰው ባንክ ሳያይ ብዙ አይራመድም። ለወላጆቻችን ግን ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ደርግ በ1967 የግል ባንኮችን ከወረሰ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ቆጣቢው የሚሄደው ወደ መንግሥት ባንክ ነበር። ያ ዘመን ያበቃው አዳማ አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ የተሰየመው አዋሽ ባንክ በ1987 ሥራ ሲጀምር ነው።

ዛሬ ሥራ የጀመረ ወጣት «የትኛው ባንክ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ከባንኩ ይልቅ የሒሳቡን ዓይነት አስቀድማለሁ። ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ቼክ ለሚጽፍ ነጋዴ ነው፤ ለደመወዝተኛ ቁጠባ ይበቃዋል። ወለድ የማይፈልግ ደግሞ ከወለድ ነጻ ይከፍታል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ሲጀምር በዚህ አገልግሎት ብቻ ነበር፤ በሌሎች ባንኮችም መስኮቱ አለ። እዚያ ሁለት ነገር ይለይ፤ ዋዲዓ ገንዘብን በአደራ ማስቀመጥ ሲሆን ሙዳረባ ግን ከትርፍ ድርሻ ያስገኛል።

በወለድ መጠን መወዳደር ብዙ አያዋጣም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ አሳደገ። በዚህ ስሌት 10,000 ብር በዓመት 700 ብር ይወልዳል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ነበርና ወለዱ የገበያውን ግማሽ እንኳ አልደረሰበትም። ትልቅ ገንዘብ ያለው በጊዜ ገደብ አስቀምጦ በወለዱ ይደራደር፤ ጀማሪ ግን አይድከም።

ይልቅ ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያስብ። ባቱ የአበባ እርሻ የተቀጠረች ልጅ ደመወዟ የሚገባበትን ባንክ ብትይዝ ይቀላታል። ነጌሌ አርሲ ላለች እናቷ የምትልክ ከሆነ ባንኩ በእናቷ ሰፈር ቅርንጫፍ አለው ወይ? ካርዱ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ይሠራል፤ ባንኮቹን የሚያገናኘው ኢትስዊች ነው። ክፍያው ግን ስንት እንደሆነ ሒሳቡ ሳይከፈት ይጠየቅ።

ኤቲኤም የሰጠው ሁሉ የራስ አይደለም። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲሳሳት ከሒሳባቸው በላይ ያወጡ ብዙ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ገንዘብ የወሰደውን ሰው ሁሉ በስሙ ያውቀው ነበርና «መልሱ» አለ፤ አብዛኛውም ተመለሰ።