ትምህርት ቤትን በንግድ ሥርዐት ስለ ማስተዳደር

የሕዝብ ትምህርት ቤት በመንግሥት ገንዘብ የሚቆም ስለ ሆነ፥ ገንዘቡ በከንቱ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ የሹም ሁሉ ግዴታ ነው። ነገር ግን ነጋዴ ሸቀጡን በሚቈጣጠርበት ሥርዐት ልጅን መቈጣጠር ምን እንደሚያመጣ፥ የእንግሊዝ አገር መምህራን አይተውታል።

በዚያ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ዓ.ም.፥ ሮበርት ሎው የሚባል የትምህርት ጉዳይ ሹም አዲስ ደንብ አወጣ። አሳቡም፥ መንግሥት የሚከፍለው በተገኘው ፍሬ ልክ ብቻ ይሁን፥ የሚል ነበረ። ስለ አንድ ልጅ መምጣት በዓመት 4 ሽልንግ፥ መርማሪ ፈትኖት በንባብ፥ በጽሕፈትና በሒሳብ ቢያልፍ ደግሞ 8 ሽልንግ ለትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ከሦስቱ በአንዱ ቢወድቅ ግን ከስምንቱ ላይ 2 ሽልንግ ከ8 ፔኒ ይቀነሳል። ቀድሞ መንግሥት ለመምህሩ በቀጥታ ይሰጠው የነበረው ድጎማ ቀርቶ ገንዘቡ ሁሉ በአስተዳዳሪዎቹ እጅ ሆነ፤ በብዙ ስፍራም የመምህሩ ደመወዝ በልጆቹ ማለፍና መውደቅ ላይ ተንጠለጠለ።

እንዲህ ያለ መምህር ምን ያደርጋል? የሚከፈልበትን ብቻ ያስተምራል። ታሪክና ጂኦግራፊ በመጀመሪያው ደንብ ዋጋ ስላልተቈረጠላቸው በብዙ ትምህርት ቤት ተጣሉ። ብልኁ ልጅ ማለፉ የታወቀ ነውና ተተወ፤ ደካማው በአንዲት መጽሐፍ ላይ ሲመላለስ ከረመ። መጽሐፏን በቃላቸው ከመያዛቸው የተነሣ፥ ገልብጠው ይዘዋት እንኳ ሳይሰናከሉ የሚያነቡ ልጆች ነበሩ ይባላል።

ይህ ከየኔታ እግር ሥር ለተማረ ሰው እንግዳ አይደለም። ሀ ሁ ሂን በዜማ የሚያወርድ ሕፃን ሁሉ ፊደል ለይቷል ማለት አይቻልም፤ የኔታም ይህን ስለሚያውቁ አቡጊዳን ያስከትላሉ፥ በስንደዶም ከመካከል አንዱን ፊደል ነክተው ይጠይቃሉ። ልጁ ባያውቀው የሚቀርባቸው ክፍያ የለምና፥ አለማወቁን የሚሸሽጉበት ምክንያት የላቸውም። የእንግሊዙ መምህር ግን የልጁን አለማወቅ ቢገልጥ እንጀራውን ያጣል።

ማቲው አርኖልድ የሚባለው ባለቅኔ፥ ራሱ የመንግሥት የትምህርት ቤት መርማሪ ሳለ፥ ደንቡን በዚያው በ1862 በጽሑፍ ተቃወመ። ደንቡ ወጪ መቀነሱስ እውነት ነው፤ ከ813 ሺህ ፓውንድ በላይ የነበረው የመንግሥት ገንዘብ በ1865 ወደ 637 ሺህ ገደማ ወርዷል። ለሹሞቹም ይህ ብቻውን የመልካም ሥራ ምስክር መስሎ ታያቸው። በ1890 አብዛኛው ክፍያ ተሻረ፤ የቀረውም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ጠፋ።

አሳቡ ግን አልሞተም። በ1969 በአሜሪካ፥ ቴክሳርካና በተባለች ከተማ፥ አንድ የንግድ ማኅበር ልጆቹ በፈተና በሚያሳዩት ዕድገት ልክ ሊከፈለው ተዋውሎ ማስተማር ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት፥ ከፈተናው ጥያቄዎች አንዳንዶቹ አስቀድመው በልጆቹ ትምህርት ውስጥ ገብተው እንደ ነበረ ተገለጠ።