የተፈጥሮ ምርጫን በክፍል ውስጥ ማየት

«ወፏ ጠንካራ ፍሬ ለመስበር ስትል መንቁሯን አወፈረች።» ይህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ ስላለው በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም፤ ሐሳቡ ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱ የቱ ላይ እንደ ሆነ እንድታገኙት በክፍላችሁ ውስጥ የሚከተለውን ሙከራ ሥሩ።

ምስርና ባቄላ ደባልቃችሁ በሰፌድ ላይ አፍስሱ። ከመካከላችሁ 12 ተማሪዎች ወፎች ይሁኑ፤ አራቱ ወረንጦ፣ አራቱ ማንኪያ፣ አራቱ የልብስ መቆንጠጫ ይያዙ። መሣሪያው መንቁር፣ በሌላው እጅ የሚያዘው ሲኒ ደግሞ ሆድ ነው። እያንዳንዱ «ወፍ» ለአንድ ደቂቃ በመንቁሩ ብቻ አንድ አንድ ፍሬ እያነሣ ወደ ሲኒው ይክተት። ከዚያም ቍጠሩ። ከሁሉ ያነሰ የሰበሰቡት ስድስቱ በረኀብ ሞተዋልና ይውጡ፤ በእነርሱ ቦታ የሚገቡት የተረፉት ወፎች ልጆች ስለ ሆኑ የወላጆቻቸውን ዓይነት መሣሪያ ይይዛሉ። በሚቀጥሉት ዙሮች ምስሩን አውጥታችሁ ባቄላ ብቻ አስቀሩ፤ የየመሣሪያውንም ብዛት በየዙሩ በሰሌዳ ላይ መዝግቡ። የትኛው እንደሚበዛ አስቀድሜ አልነግራችሁም።

ሙከራው አንድ ጉድለት አለበት። ተማሪው እየለመደ ሲሄድ እጁ ይፈጥናል፤ ይህም ወፏ ራሷን ያሻሻለች ያስመስላል። ዳሩ ግን ወረንጦው ያው ወረንጦ ነው፤ ልምዱም ለልጅ አይተላለፍም።

ይህ ነገር በእውነተኛ ወፎች ላይ ታይቷል። የኢኳዶር ግዛት ከሆኑት የጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በዳፍኔ ማጆር፣ ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ሳይንቲስቶች ወፎችን እየያዙ መንቁራቸውን ይለኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ጽኑ ድርቅ ሆነ። ትንንሾቹ ለስላሳ ፍሬዎች ተለቅመው ሲያልቁ፣ የቀረው በአብዛኛው የእኛ አገር ኩርንችት ዘመድ የሆነ እሾሃማና ጠንካራ ፍሬ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ከሚከታተሉት አንድ የወፍ ዝርያ ከመቶው ከ80 የሚበልጡት አለቁ። ከተረፉት የሚበዙት ወፍራም መንቁር ያላቸው ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት የተፈለፈሉት ጫጩቶችም ወላጆቻቸውን መሰሉ። የመንጋው አማካይ መንቁር በግማሽ ሚሊሜትር ያህል ወፈረ እንጂ የአንዲትም ወፍ መንቁር በድርቁ ምክንያት አልወፈረም። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ብዙ ዝናብ ዘንቦ ትንንሽ ፍሬ ሲትረፈረፍ፣ በተከተሉት ደረቅ ዓመታት ብልጫው ወደ ትናንሽ መንቁሮች ዞረ።

«ተመረጡ» ስንል ግሡ ተደራጊ ነው፤ መራጭ ግን የለም። አሁን ከላይ የተጻፈውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ «ስትል» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙና ባለቤቱን ከአንዲት ወፍ ወደ መንጋው ለውጣችሁ፣ እንደገና ጻፉት።