የማረሻው ክንፍና የሮቤ ዋልካ

ሮቤ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የባሌዋን ሮቤ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣት ግን የአርሲዋ ሮቤ ናት፤ ይህችውም ከአሰላ በስተምሥራቅ ከተራሮቹ ማዶ የምትገኝ፣ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል የሚሆን፣ ስንዴ የሚበቅልባት ደጋ ናት። ወደዚያች አገር በሐምሌ የሄደ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚተዋወቀው ከጭቃዋ ጋራ ነው። ጫማን ከእግር የሚነጥቅ፣ የበሬን ኮቴ እንደ ሙጫ የሚይዝ ጥቁር ዐፈር ነው። በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ ይባላል፤ የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ኮቲቻ ይለዋል።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ይህን ዐፈር ለመናቅ የሚቸኩል ሰው ቢኖር አይቸኩል። ዋልካ መካን መሬት አይደለም፤ በውስጡ ለእህል የሚሆን ብዙ ሀብት አለው። ችግሩ ውኃው ነው። ዐፈሩ እጅግ የደቀቀ ሸክላ በመሆኑ በበጋ ሲደርቅ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያብጥና ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ከዚያ ወዲያ የዘነበው ዝናም ወደ ታች መስረግ አይችልም፤ በላይ ይተኛል። ሥሩ አየር ያጣል፤ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆን መሬት እንዲህ ያለ ዐፈር ሲሆን ከዚሁ የሚበልጠው በደጋው ክፍል ይገኛል። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ገበሬው የክረምቱን ወራት ሁሉ መሬቱን እያየ ይቀመጥና ውኃው ሲጐድል፣ ዝናሙም ሊያበቃ ሲል፣ በቀረችው እርጥበት ብቻ ጤፍ ወይም ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል። ዝናም ሞልቶ ሳለ በዝናም ማጣት እህል ሲያንስ ማየት የሚያስገርም ነገር ነው።

እኛ ይህን ጉዳይ የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአንድ ተማሪ ደብተር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች «በቤታችሁ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግራችሁን አንድ ነገር ጻፉ» ብለን የድርሰት ሥራ ሰጥተን ነበር። ብዙዎቹ ስለ መንገድና ስለ መብራት ጻፉ። አንዱ ግን፥ «የእኛ ማሳ በየዓመቱ ይሰምጣል፤ አባቴ ግን የሚዋኝ ስንዴ አላገኘም» ብሎ ጽፎ አገኘነው። አስቆን ነበር። በማግሥቱ ጠርተን ስናነጋግረው ግን ነገሩ የሚያስቅ አለመሆኑን ተረዳን፤ በዚያ ዓመት ለትምህርት የመጣው ከአጐቱ በተበደረው ልብስ ነበርና።

ለዚህ ችግር የተገኘው መድኀኒት አዲስ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ሴቶችና ልጆች ከአራሹ ኋላ እየተከተሉ ዐፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብ ሲሠሩ፣ በመደቦቹ መካከልም ውኃ መሄጃ ቦይ ሲተዉ የቆየ ልማድ ነው። ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገራችን የእርሻ ምርምር ድርጅትና ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህንኑ ሥራ በበሬ ለማሠራት ሞከረ። ያደረገውም ሁለት የአገር ማረሻዎችን ጐን ለጐን አጋጥሞ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ማዘጋጀት ነበር። መሣሪያው ሠራ፤ ነገር ግን ለበሬም ለሰውም ከባድ ሆነ። ከ2000 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ዶክተር መለሰ ተመስገን የተባሉት የእርሻ መሣሪያ መሐንዲስ፣ ገበሬው በቤቱ ባለው በአንዱ ማረሻ ላይ የሚገጠም ቀላል የብረት ክንፍ አውጥተው አይባር የሚል ስም ሰጡት፤ ይህም በብዙ አውራጃ ላሉ ገበሬዎች ታደለ። ሞፈሩ ያው ሞፈር፣ እርፉ ያው እርፍ፣ ቀንበሩም ያው ቀንበር ነው። የተለወጠው ከማረሻው ግራና ቀኝ ያለው ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በእኛ አስተያየት ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። አርሲ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝታዋለችና። በ1960 ዓ.ም በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው፣ ካዱ ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ብዙ መልካም ሥራ ሠርቷል፤ ዛሬ በስንዴ ምርምር የታወቀው የቁሉምሳ ጣቢያም የእርሱ ፍሬ ነው። ድርጅቱ የመሣሪያ ክፍል ነበረው፤ የተሻሻለ ማረሻ፣ መከስከሻና የበሬ ጋሪ እየሠራ ይሞክር ነበር። ሆኖም ምርጥ ዘሩንና ማዳበሪያውን ገበሬው ፈጥኖ ሲቀበል፣ አዲሱን ማረሻ የተቀበለው ጥቂት ነው። ገበሬው ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። የአገሩ ማረሻ ቢሰበር በማግሥቱ ከደጁ ዛፍ ቈርጦ ይጠግነዋል፤ የፋብሪካው ቢሰበር ግን ማን ይጠግንለታል? በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ዘመን ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኛውን ከመሬቱ ማስነሣት ጀመሩ። ካዱ ይህን አላሰበም ነበር፤ የተቋቋመውም ለትንሹ ገበሬ ነበር። ነገር ግን መሣሪያ ለማን እንደሚደርስ ካልታሰበበት ራሱ መንገዱን ይመርጣል፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ ወደ ባለ ገንዘቡ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የመሬት ዐዋጅ እስኪታወጅ ድረስ በጭላሎ ሜዳ ቤቱ የፈረሰበት ጭሰኛ ጥቂት አልነበረም።

ወደ ልጃችን እንመለስ። በትምህርት ቤቱ ሒሳብ የሚያስተምር ባልንጀራችን በእጅ ስልኩ የአይባርን ሥዕል አሳየው። ልጁ ሥዕሉን በደብተሩ ላይ ቀዳው፤ ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሁለት ክንፍ ጠርቦም በምራን ከድግሩ ጋር አሰረ። አባቱ በሬዎቹን ለአንድ ጧት ፈቀደለት። ያ ጧት ሳይጋመስ ጭቃው በጣውላው ላይ ተለጥፎ ክንፉ እንደ ግንድ ከበደ፤ ግራው በሬ ተኛ፤ ምራኑም ተበጠሰ። አባቱ አልተቈጣም። «ልጄ፥ ዋልካ እንጨት ይወዳል፤ አይለቅህም» አለውና በሬዎቹን ፈታ።

ልጁ በዚያው ሳምንት ወደ ገበያው ቀጥቃጭ ሄደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ኅሊናችን ይወቅሰናል። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ሰው በክፉ ስም መጥራትና ከማዕድ ማራቅ የቆየ በሽታ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ ባለ እጅን መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። የልጁ አያት «ከዚያ ሰው ቤት አትግባ» ብለው ከልክለውት ነበር። እኛ በቤታቸው ቡና ስንጠጣ ይህ ነገር ተነሣና፥ «እሜቴ፥ የደብተራ ድንኳኑን የሠራው ባስልኤል ወርቅና ናስ የሚቀጠቅጥ ባለ እጅ አልነበረምን? ጥበቡንስ የሰጠው ማን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። አያቲቱ ዝም አሉ፤ ቈይተውም «ባስልኤል የሮቤ ሰው አልነበረም» አሉን። እኛም ሳቅን፤ ልጁ ግን ወደ ቀጥቃጩ ቤት ገባ።

ቀጥቃጩ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ነገሩን ፈጥኖ ተረዳው። ሥዕሉን አንድ ጊዜ አየና «ይህ ሜዳ ላይ ይሠራል፤ በእናንተ ማሳ ግን ክንፉ ጠበብ ማለት አለበት፤ በሬዎቻችሁ ከሲታ ናቸው» አለ። ከአሮጌ በርሜል ቈርጦ ክንፉን አወጣ፤ ጫፉን ከመኪና ባሌስትራ አበጀ፤ ጭቃው እንዳይለጠፍም ብረቱን በአሸዋ እያሸ አለሰለሰው። ወናፉን የሚነፋለት ልጁ ነበር። እኛ በቆሎ ተማሪነታችን ከጥቀርሻ ቀለም በጥብጠን፣ ከመቃ ብርዕ ቀርጸን፣ የበግ ቆዳ ፍቀን የጻፍን ሰዎች ስለ ሆንን፣ ዛሬ ልጆች «መሣሪያ የለንም» ሲሉ ስንሰማ ትዕግሥታችን ያጥራል። ይህ ልጅ ግን እንዲህ ብሎን አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረስን። አባትየው ያለው መሬት ያችው አንዲት ማሳ ናት። በሐምሌ ዘርቶ ስንዴው ቢሰምጥ፣ በመስከረም የሚዘራው ዘር አይኖረውም፤ ዘር ካጣም ቤተ ሰቡ በሚቀጥለው ክረምት የሚበላው እህል በብድር ነው። እናትየው «ለልጅ ጨዋታ ጐተራ አይከፈትም» አለች፤ ቃሏም እውነት ነበረው። በመጨረሻ ከማሳው ዳር አንድ አራተኛ የምትሆን ስፍራ ለልጁ ተሰጠች።

ክንፉ መደቡን አወጣ፤ ቦዩም ተከፈተ፤ ስንዴውም በቀለ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከባድ ዝናም ወርዶ ባደረ በማግሥቱ፥ ውኃው በቦዮቹ እየተንቈረቈረ ሲወርድ ልጁ በደስታ ዘለለ። ውኃው ግን የሄደው ወደ ታችኛው ጐረቤት ማሳ ነበር። ጐረቤቱ አዛውንት ሙስሊም ገበሬ ናቸው፤ ከዚህ ቤት ጋር በሐዘንም በደስታም ሳይለያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ዱላቸውን ይዘው መጡ። «የእናንተ ስንዴ እንዲደርቅ የእኔ ጤፍ ይስመጥን?» አሉ። የሚመለስ መልስ አልነበረም።

መሣሪያውን የሚያሳዩ ሥዕሎች ሁሉ ይህን አያሳዩም። ቦይ ማውጣት የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ውኃን ማስወጣት ግን የሰፈር ሥራ ነው። የአገር ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሰው ተመረጠ። ሁለት ቀን ከተነጋገሩ በኋላ በአምስቱ ማሳዎች ወሰን ላይ እስከ ወንዙ የሚደርስ አንድ ትልቅ ቦይ እንዲቈፈር፣ ከየቤቱም አንድ አንድ ጐልማሳ እንዲወጣ ተስማሙ። አባትየው ለጐረቤቱ ጥፋት አንድ ቍና ዘር ካሡ። ያ ቦይ ባይቈፈር ኖሮ የልጁ ክንፍ በቤቱ ጣሪያ ሥር ዝጎ ይቀር ነበር።

በጥቅምት መደቡ ላይ ያለው ስንዴ ከሩቅ ይለይ ነበር። ምን ያህል ምርት እንደ ሰጠ ልንነግራችሁ ብንችል ደስ ባለን። ነገር ግን ደቦው በአንድ ቀን መጣና የመደቡንም የሜዳውንም ነዶ በአንድ ክምር ከመረው። «ለይታችሁ መዝኑ» ብለን አስቀድመን መናገር የነበረብን እኛ ነበርን፤ አልተናገርንም። ከሃያ ዓመት በላይ ሳይንስንና ሒሳብን ከሚያስተምሩ ሰዎች ጋር የኖረ መምህር ይህን መርሳቱ ያሳፍራል።

ነገሩ እንዴት እንደ ተሰማ ደግሞ እንመልከት። ልጁ በተዋሰው ስልክ ውኃው ሲወርድ፣ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ፣ ቦዩም ሲቈፈር ቀርጾ ነበር። ይህን በጽዋ ማኅበር ዕለት አሳየ፤ ሳምንት ሳይሞላም በገበያ የሚያየው በዛ። በሌላም ስፍራ ይህ መንገድ ተሞክሯል። ከህንድ የተነሣው ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት በአገራችንም ገበሬው የራሱን ጐረቤት ሥራ እየቀረጸ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ የሥዕል ማሳያ በየመንደሩ እንዲታይ ሲያደርግ ቆይቷል። በ2006 ዓ.ም የተከፈተው 8028 የተባለው የስልክ መሥመርም ለገበሬው የእርሻን ምክር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በድምፅ ያሰማ ነበር። ሰው ከባለ ሥልጣን ንግግር ይልቅ እንደ እርሱ ጭቃ የረገጠውን ሰው ያምናል።

ለወላጆች አንድ ነገር እንጨምር። በዐዋጅ ቍጥር 123/1987 መሠረት አነስተኛ ፈጠራ የሠራ ሰው የግልጋሎት ሞዴል የሚባል ማረጋገጫ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም አምስት ዓመት ይጠብቀዋል፤ ከዚያም ለሌላ አምስት ዓመት ሊታደስ ይችላል። ልጃችሁ አዲስ ነገር ቢያበጅ ሥዕሉን ለሕዝብ ከማሳየቱ በፊት ይህን ቢጠይቅ ይበጃል። የእኛ ተማሪ ክንፍ የሌላ ሰው ሐሳብ ቅጂ ስለ ሆነ ይህ አይመለከተውም፤ ይህንንም በግልጥ ነግረነዋል፤ በስልኩ ሥዕል መጨረሻ ላይም የዶክተር መለሰን ስም እንዲጽፍ አድርገናል። ቀጥቃጩ ያጠበበው መጠን ግን የራሱ የቀጥቃጩ ነው።

ባለፈው ሰኔ በገበያው ስናልፍ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ጐራ ብለን ነበር። ዱላ ይዘው የመጡት ጐረቤት በበሩ ላይ ተቀምጠው ክንፋቸው እስኪበርድ ይጠብቁ ነበር፤ የልጁም አያት የተሰበረ ድስት ይዘው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። በግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፉ ቍጥሮች አየን፤ ከእያንዳንዱ ቍጥር አጠገብ የአንድ ገበሬ በሬዎች ስም ተጽፏል።