ከቡታጅራ እስከ አዋሽ፦ የአንድ ቀን ጉብኝት

ማለዳ ከቡታጅራ ተነስቶ በአዲስ አበባ መንገድ የሚጓዝ ጎብኚ ኬላንና ቡኢን አልፎ ጢያ ይደርሳል። በእ.ኤ.አ. 1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ሥፍራ 36 ትክል ድንጋዮች ሲገኙ፣ 32ቱ ሰይፍን ጨምሮ ልዩ ልዩ ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል።

ትክል ድንጋዮች ግን የጢያ ብቻ አይደሉም። በሶዶ አካባቢ 160 ያህል የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎች የታወቁ ሲሆን፣ ከማሳ መካከል የቆሙ ድንጋዮችም አሉ። በጢያ በተካሄደ ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች ተገኝተዋል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ለእርሻ እንዲመቸው ድንጋዩን ነቅሎ ወደ ድንበር ቢያዞረው፣ ድንጋዩ ቢተርፍ እንኳ የመቃብሩ ምልክትነቱ ይጠፋል።

ጉዞው ወደ ሰሜን ሲቀጥል መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽ ወንዝ ይገኛል። በእ.ኤ.አ. 2024 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ሥፍራ በሚገኘው ሙዚየም የጥንት ሰዎች ከባልጩት የሠሯቸው መሣሪያዎች ይታያሉ።