ወደ ሰሊጥ ቆላ ስለሚወርዱ የደጋ ልጆችና የእርሻ ባለ ሀብቶች ስላለባቸው ኃላፊነት

ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ወረታ ላይ ከባሕር ዳርና ከጎንደር መንገድ ጋር ይገጥማል። ሐምሌ ሲገባ የፋርጣ፣ የእስቴ፣ የእብናትና የሊቦ ከምከም ጎልማሶች በዚሁ መንገድ አድርገው ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ቆላ መውረዳቸው የቆየ ልማድ ነው። መሬቱ ለጠበበበት የደጋ ገበሬ ይህ ጉዞ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያና የዓመት ልብስ መግዣ ስለሆነ፣ ጎልማሳው ስለ መሄዱ የሚነቀፍበት ነገር የለም። ነገር ግን ከጎልማሶቹ ጋር ዕድሜአቸው ለሥራ ያልደረሰ ብላቴናዎች አብረው ይወርዳሉ። ይህንንም ነገር የእርሻ ሹም ለትምህርት ቤት፣ የትምህርት ቤቱ ሹም ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እየተወው ስለሚያልፍ፣ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

የነገሩ ሥር ያለው ከሰሊጡ ጠባይ ላይ ነው። ሰሊጥ ከታች ወደ ላይ እየቀደመ ይደርሳል፤ የላይኛው ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የታችኛው መድረቅ ይጀምራል፤ የደረቀው ፍሬ ደግሞ አፉን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያራግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ቅጠሉ ቢጫ መሆን ከጀመረ ወዲያ በጥቂት ቀን ውስጥ አሳጭዶ፣ በነዶ አሳስሮ፣ ቀጥ አድርጎ አስቁሞ ማድረቅ አለበት። የዘገየ እንደ ሆነ የዓመት ድካሙ መሬት ላይ ይቀራል። ብዙ መቶ ሔክታር የዘራ ባለ ሀብት ሁሉ በነዚያው ቀኖች ሠራተኛ ስለሚፈልግ፣ የእጅ ዋጋ ይወደዳል፤ የሚመጣውንም ሰው ዕድሜው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ አጨዳው የሚጠነክረው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ይኸውም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወራት ነው። በሐምሌ ለደብተር መግዣ አርሜ እመለሳለሁ ብሎ የወረደ ልጅ፣ የአጨዳው ዋጋ ከአረሙ ስለሚበልጥበት እዚያው ይቆያል፤ በኅዳር ሲመለስ ጓደኞቹ ትምህርቱን ብዙ ገፍተውበት ያገኛቸዋል።

ባለ ሀብቱ በዚህ ነገር ሲጠየቅ፣ እኔ ልጅ አልቀጠርሁም ብሎ ይመልሳል። አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ እውነት ነው። ሠራተኛውን ከመናኸሪያ የሚሰበስበው ደላላው ነው፤ እርሻው ላይ የሚያሠማራው ካቦው ነው፤ ባለ ሀብቱ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ሒሳቡን ብቻ ይቆጣጠራል። ከዚህም በላይ ክፍያው በቀን ሳይሆን በቁርጥ ሲሆን፣ የታጨደው ይቆጠራል እንጂ ያጨደው አይቆጠርም። እንግዲህ ታላቅ ወንድም ታናሹን አስከትሎ ቢሠራ ገቢው ይጨምርለታል፤ የልጁ ስም ግን ከማንም መዝገብ ላይ አይገኝም። እንዲህ ያለውን አከፋፈል የመረጠ ባለ እርሻ፣ ልጅ መቅጠሩን በአፉ ባያዝም በአሠራሩ አዝዞአል።

ሕጉ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የዓለሙን የሕፃናት መብት ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራም እንዳይሠራ ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ለሥራ 14 ዓመትን ወስኖ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ይህን ወደ 15 ከፍ አድርጎ፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ ብሎ ሰየመው። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ሊሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሰማራ፣ በትርፍ ሰዓትም ሊታዘዝ አይችልም። ሰሊጡ እየረገፈ ነው ተብሎ ጀንበር እስክትጠልቅ የሚታጨድበት እርሻ፣ ሠራተኛው 16 ዓመት የሞላው ቢሆን እንኳ፣ ይህን ትእዛዝ እንደሚያፈርስ ማስተዋል ነው።

ባለ ሀብቶች በልጆች ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ልጅ በመቅጠር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በሊቦ ከምከም የሆነውን ያስታውስ። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በዚህ ወረዳ ሰው በብዛት የሚገድል ትኩሳት መኖሩ ታወቀ። በሽታው አስቀድሞ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ይታከም ስለ ነበር ብዙ ሰው ሳይድን ሞተ። ኋላ ግን ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር ከወባ ትንኝ በምታንስ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ሰውነትን የሚያመነምን፣ ካልታከሙትም የሚገድል በሽታ ነው። ቀድሞ የሚታወቀው ከመተማና ከሑመራ ቆላ ነበር እንጂ በዚህ አገር እምብዛም አይታወቅም ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ከፈተ፤ ከ1997 እስከ 1999 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከ2,400 የሚበልጡ ሕመምተኞች ተመዘገቡ፤ ከ100 በላይ ሰዎችም ሞቱ።

በሽታውን ወደ ደጋው ያመጡት ከሰሊጥ እርሻ የሚመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀር ሐኪሞች አመኑ። እርሻው ላይ ሠራተኛው የሚያድረው በሜዳ ወይም ግድግዳ በሌለው ዳስ ነው፤ አጎበር የሚሰጠው ባለ እርሻ ጥቂት ነው። ዝንቧም የምትወደው የግራር ጥላንና የተሰነጠቀውን መረሬ አፈር ስለሆነ፣ ሠራተኛው ደክሞት በወደቀበት ቦታ ታገኘዋለች። እርሱም ደመወዙንና በሽታውን አንድ ላይ ይዞ ይገባል። በሊቦ ከምከም የተደረገው ጥናት ደግሞ፣ ቀን ከግራር ሥር የሚተኛና ሌሊት ከቤት ውጭ የሚያድር ሰው ይልቁን ለበሽታው የተጋለጠ መሆኑን አሳየ። በዚህ አገር ቀን ከግራር ጥላ ሥር የሚያርፈው ማን ነው? እረኛው ልጅ ነው። ስለዚህ መተማን በዓይኑ ያላየ የዘጠኝ ዓመት እረኛ፣ አንድ ባለ ሀብት ለሠራተኞቹ ማደሪያ ሳይሠራ በመቅረቱ ምክንያት ሊታመም ይችላል ማለት ነው። የአንድ ዳስና የጥቂት አጎበር ዋጋ ለባለ ሀብቱ ትርፍ ሆኖ ቀረ፤ ዕዳውን ግን የደጋው ጤና ጣቢያና የደጋው እናት ከፈሉት።

አንዳንድ ሰዎች፣ እኛም ከብት ስንጠብቅ አድገናል፣ ሥራ ልጅን አይገድልም እያሉ ይከራከራሉ። ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ የአባቱን በሬ ቢመልስ፣ ከማሳው ወፍ ቢጠብቅ፣ እናቱን ውኃ ቢቀዳላት የሚከለክለው ሕግ የለም። የአባት ቤት ሥራ ልጁ ሲታመም ይቆማል፤ ባልተጻፈ ውል የተቀጠረበት ሥራ ግን አይቆምም። ይህን ልዩነት ያልለየ ክርክር ለደላላ ብቻ ይጠቅማል። በ2007 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 16 ሚሊዮን ያህሉ ለልጅ በማይገባ ሥራ ላይ ተገኝተዋል፤ የሚበዙትም በእርሻና በከብት ጥበቃ ላይ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፣ ለደላላ የሚቀርበው ልጅ በዝቶአል እንጂ አላነሰም።

የውጭ አገር ገዢዎች ቁጥጥር ይበቃል የሚል ተስፋም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ከሌሎች ማኅበሮች ጋር በ2004 ዓ.ም. ባወጣቸው 10 መመሪያዎች፣ ነጋዴ በራሱ ቤት ብቻ ሳይሆን ከርሱ ጋር በንግድ በተያያዘው ሁሉ ዘንድ የልጅ ጉልበት እንዲወገድ እንዲጥር፣ ልጅ ላላቸውም ሠራተኞች ተገቢ ሥራ እንዲሰጥ ተጽፎአል። ቃሉ መልካም ነው፤ ከሰሊጥ ላይ ግን ለመፈጸም ይከብዳል። ሰሊጥ ወደ ገበያ መጋዘን ሲገባ የሚመረመረው ጥራቱና ንጽሕናው ነው፤ ማን እንዳጨደው ከዘሩ ላይ አይነበብም። ብዙ ባለ እርሻ ያመጣው ዘር ከተደባለቀ በኋላ ቻይና ወይም እስራኤል ያለ ገዢ ልጁን ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም። ልጁ የሚታየው በሁለት ስፍራ ብቻ ነው፤ አንዱ መንገዱ ነው፤ ሁለተኛውም እርሻው ነው።

ሁለቱም በሹማምንት እጅ ናቸው። መሬት በ1967 ዓ.ም. ለሕዝብ ከሆነ ወዲህ፣ በመተማና በቋራ ሰፊ እርሻ የያዘ ባለ ሀብት መሬቱን ከመንግሥት በውል ይከራያል፤ ውሉም ሲጻፍና ሲታደስ ስለ ማደሪያ ዳስ፣ ስለ አጎበር፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ዕድሜ ስለሚጻፍበትም የሠራተኛ መዝገብ ቃል ሊገባበት ይችላል። የቁርጥ ክፍያ ቢኖር እንኳ፣ እያንዳንዱ አጫጅ በስሙ ተመዝግቦ በራሱ እጅ እንዲቀበል ቢደረግ፣ ታናሽ ወንድምን አስከትሎ መውረድ ጥቅሙ ይቀንሳል። በወረታና በአዘዞ መናኸሪያ በሐምሌ መጀመሪያ የሚቆም አንድ የወረዳ ሠራተኛ፣ ደላላው ያሳፈራቸውን ልጆች አውቶቡሱ ሳይነሣ ሊያያቸው ይችላል። ዕድሜ ማወቅ በሌላ ቦታ ያስቸግራል፤ የቀበሌው መምህር ግን የትኛው ልጅ በስንተኛ ክፍል እንዳለ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ስለዚህ የነሐሴ ምዝገባ ሲጀመር ያልመጡትን ልጆች ስም ለወረዳው ቢያስተላልፍ ፍለጋው ያጥራል።

ሠራተኞቹ በኅዳር ሲመለሱም፣ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎት ጣፊያው ያበጠ ወይም ሰውነቱ የከሳ ሰው በየቀበሌው ቢገኝ፣ የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ እንዳይሰናበት፣ ይልቁንም ካላዛር ወደሚመረመርበት ሕክምና ቤት ፈጥኖ እንዲላክ ለጤና ጠባቂዎቹ መንገር ያስፈልጋል፤ ከርሱ ጋር በአንድ ቤት ያሉ ልጆችም አብረው ይታዩ።