ባለዕዳው ሲከስር መዝገቡ የት ይፈለጋል?

በሐዋሳ ዕቃ በዱቤ የሰጠ ነጋዴ የባለዕዳውን መጋዘን ተቆልፎ ሲያገኘው መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ወደ ፍርድ ቤት የሚያመራው ዘግይቶ ነው። ባንክ ግን አይዘገይም፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ከሰጠ በኋላ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በመሆኑም የሐራጅ ማስታወቂያ ለገንዘብ ጠያቂ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

በሕግ ከሳሪ የሚባለው ዕዳውን መክፈል ማቆሙ በፍርድ ቤት የተረጋገጠበት ነጋዴ ነው። ይህን የሚገዛው የ1952ቱን የኪሳራ ክፍል የተካው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲሆን፣ ከኪሳራ በፊት ድርጅቱን መልሶ የማደራጀት መንገድም ከፍቷል።

አቤቱታውን ባለዕዳው ወይም ገንዘብ ጠያቂው ሊያቀርብ ይችላል። ባለዕዳው የሒሳብ ሚዛኑን፣ የንብረቱንና የዕዳውን ዝርዝር ማያያዝ ይኖርበታል።

መዝገብ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የድርጅቱን ትክክለኛ የንግድ ስምና የመዘገበውን አካል ይወቅ። በፌዴራል የተመዘገበ ድርጅት ጉዳይ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በክልል የተመዘገበው ወደ ሲዳማ ክልል ፍርድ ቤቶች ያመራል። የመዝገብ ቁጥሩ የሚጠየቀው ከሬጅስትራር ነው።

ኪሳራ ሲታወጅ በተናጠል መክሰስ ይቆማል፤ ባለመያዣው በመያዣው ላይ ቀዳሚ ሲሆን፣ በደረሰኝ ብቻ የሸጠው ከተረፈው ይካፈላል። ስለዚህ ዱቤ ከመስጠት በፊት ተሽከርካሪው ወይም ማሽኑ በመያዣነት መመዝገቡን በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 በተቋቋመው መዝገብ ማጣራት ይበጃል።