ተማሪ ሐሳቡን እንዲጽፍ ሲጋበዝ፦ የ'ኮሌጅ ቀን' የግጥም ውድድር ምን ያሳያል?

ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ስለ አገር ጉዳይ አስተያየት እንዲጽፉ የሚያወዳድሩት፣ ወጣቱ ከፖለቲካው ዳር ቆሞ ተመልካች እንዳይሆን በማሰብ ነው። ግብዣው ከልብ መሆኑ የሚፈተነው ግን አዘጋጆቹ ያልጠበቁት ሐሳብ መድረክ ላይ ሲወጣ ነው። ለዚህ አዲስ አበባ የቆየ ምሳሌ አላት።

በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ 'የኮሌጅ ቀን' የሚባል በዓል ያከብር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ይታደሙበት የነበረው ይህ በዓል የግጥም ውድድርን ያካትታል። መድረኩ ሲዘጋጅ የታሰበው ለሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን የፖለቲካ አስተያየት መስጫ አደረጉት።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲደረግ የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጥተዋል። ሙከራው ከሸፈ። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን የታምሩ ፈይሳ 'ደሃው ይናገራል' ተነበበ፤ አሸናፊም ሆነ። ርዕሱ እንደሚያመለክተው፣ ግጥሙ ለድሃው የሚያዝን ሰው ንግግር ሳይሆን የድሃው የራሱ ቃል ነው።

ለምን በግጥም?

የተማሪዎቹ ጋዜጣ 'ኒውስ ኤንድ ቪውስ' የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነበር። የማስተማሪያው ቋንቋም እንግሊዝኛ ነበረና ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ጋዜጣው ምንም ያህል ደፋር ቢሆን ከግቢው አጥር እምብዛም አይሻገርም። በአማርኛ ተጽፎ በድምፅ የሚነበብ ግጥም ግን ፊደል ላልቆጠረም ይደርሳል፤ በቃል ተይዞም ወደ ቤት ይሄዳል።

ሌላም ምክንያት አለ። በቅኔ ባህል ባለሥልጣንን በሰምና ወርቅ መውቀስ የታወቀ ነው፤ ሰሚው ወርቁን ቢረዳም ገጣሚው በሰሙ ይከለላል። የ1950ዎቹ ወጣት ገጣሚዎች ግን ይህን መከለያ ትተው ወርቁን በግላጭ አወጡት። በግጥሞቹ ከፍተኛ የኪነት ደረጃ ላይ ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ አድማጩን ያስደነገጠው ግን ግልጽነታቸው መሆኑ አያከራክርም።

ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት እየሰፉ ሄዱ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች 'መሬት ለአራሹ' ብለው አደባባይ ወጡ። በአሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ደግሞ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) 'በረከተ መርገም' እና የኢብሳ ጉተማ 'ኢትዮጵያዊው ማነው?' ተሰሙ። የኢብሳ ርዕስ የያዘው ጥያቄ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን 'ስትራግል' በተሰኘው የተማሪዎች መጽሔት ስለ ብሔረሰቦች ባሳተመው ጽሑፍ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። በቀጣዩ ወር የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ።

ከግጥም ውድድር እስከ ግድያ ያለውን መንገድ በአንድ መስመር ማስመር ታሪክን ማቃለል ነው፤ በመካከሉ ረሃብ፣ የመሬት ሥርዓቱ፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገራት በነጻ የትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎች ተጽዕኖና ሌላም ብዙ ነገር አለ። ቢሆንም ተማሪው ሐሳቡን በሕዝብ ፊት መናገርን የተለማመደበት አንዱ መድረክ ያ ውድድር ነበር።

ታንዛኒያ ውስጥም ተቀራራቢ ነገር ታይቷል፤ እዚያ መድረኩ ውድድር ሳይሆን መጽሔት ነበር። የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 'ቼቼ' (ብልጭታ) የሚል መጽሔት ያወጡ ነበር። እ.አ.አ በ1970 የኢሳ ሺቭጂን ስለ ታንዛኒያ መደቦች የተጻፈ ጥናት በልዩ እትም አወጡ። መንግሥት ራሱ ሶሻሊስት ነበር፤ ወጣቱ ስለ ሶሻሊዝም እንዲወያይም ይፈልጋል። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት መጽሔቱ ታገደ።

ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለ ውድድር የሚያዘጋጅ ተቋም ከሽልማቱ መጠን በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። ርዕሱን ተማሪው ይመርጣል ወይስ ይሰጠዋል? ጽሑፉ ከመነበቡ በፊት የሚያየው ማን ነው? ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የጸሐፊው ማግስት ነው፤ ባለሥልጣን ያስቆጣ ተማሪ በሚቀጥለው ሰኞ ክፍል ገብቶ መማር መቻሉ። የቋንቋው ነገርም ቀላል አይደለም። ዳኞቹ ብቻ በሚያነቡት ቋንቋ የተጻፈ አስተያየት፣ ቢያሸንፍም፣ ስለ እርሱ የተጻፈለት ገበሬ ጆሮ አይደርስም።